መቶ አስራ ሁለተኛው ሰርቨር

ሰብለ ወንጌል የሞተውን ሰው ስም ሦስት ጊዜ አጠፋችው፤ ሦስቴም ተመልሶ መጣ።

የመጀመሪያው ሰኞ ረፋዱ ላይ ነበር። ሰብለ የምትሠራው ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ካለ አንድ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ የመርካቶ ጅምላ ነጋዴዎች ሱቅና መጋዘን የሚንቀሳቀሱባቸውን ሰርቨሮች በሚያስተዳድር ድርጅት ውስጥ ነው። አባቷ ከጎጃም መጥተው እህል በረንዳ ጤፍ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ስለነበሩ መርካቶን ከነጉራንጉሩ ታውቀዋለች። እዚህ ድርጅት ከገባች ሁለት ዓመቷ ሲሆን፣ የሞተውን ሰውዬ ግን በዓይኗ አይታው አታውቅም።

ድርጅቱ መቶ አስራ ሁለት ሰርቨሮች አሉት። ከነሱ በላይ ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ «አለቃው» የሚለው አንድ ሶፍትዌር አለ። እያንዳንዱ ሰርቨር በየግማሽ ሰዓቱ «እንዴት ልሁን?» እያለ ይጠይቀዋል። አለቃውም ኮዱ ላይ በተጻፈው መሠረት ይኼ ፕሮግራም ይኑርህ፣ ያኛው በር ይዘጋ፣ እነ እገሌ ብቻ ይግቡብህ እያለ ይመልስለታል። ሰው በእጁ ነካክቶ የቀየረው ነገር ካለ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም፤ ወደነበረበት ይመለሳል።

ይኼ አለቃ አርጅቷል። ድርጅቱ የሚጠቀምበትን አራተኛውን ቨርሽን የሠሩት ሰዎች ከተዉት ቆይተዋል። አሁን ያለው ስምንተኛው ነው፤ ስምንተኛው ደግሞ የአራተኛውን ቋንቋ አይሰማም። ሰብለ ሦስት ወር ሙሉ የማሻገሪያውን ዕቅድ ስታወጣ ከርማለች። መጀመሪያ ሰርቨሮቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ማወቅ፣ ከዚያ አሮጌውን ኮድ ማጽዳት፣ ከዚያ ከአራት ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ስድስት እያሉ መሞከር፣ በመጨረሻ እሁድ ቀን መርካቶ ሲዘጋ ሁሉንም ማሻገር። የዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ «የማናውቀውን አናሻግርም» ብላ ጽፋለች።

የጀማለዲንን ስም ያጠፋችውም ለጽዳቱ ብላ ነው። ጀማለዲን አለቃውን መጀመሪያ የተከለው ልጅ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በመኪና አደጋ ሞተ። ከሱ በኋላ የመጡት ሁለት ባለሙያዎች ሥራው እስከሄደ ድረስ ምንም ሳይነኩ ኖረው ሄዱ። ስሙ ግን እያንዳንዱ ሰርቨር ላይ፣ የትም የመግባት ሙሉ ሥልጣን እንደያዘ ነበር። የሞተ ሰው ቁልፍ በየበሩ ላይ ተሰክቶ መኖር የለበትም ብላ አነሳችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስታየው ተመልሷል።

«የኔ ጥፋት ነው» አለች ለራሷ። ከሰርቨሩ ላይ ሳይሆን ከኮዱ ላይ ነበር ማጥፋት የነበረባት። ከኮዱ ላይ አጠፋችው፤ ምሳ በልታ ተመለሰች። ስሙ ቦታው ላይ ነበር።

ሦስተኛውን ጊዜ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ማንም የኮምፒውተር ቁልፍ ሳይነካ፣ ያጠፋችው መስመር እፊቷ ተመልሶ ተቀመጠ።

«በስመ አብ» አለች፤ ወንበሯንም ወደኋላ ገፋች።

ያኔ ነው ከስሙ በላይ ያለውን ያየችው። የኮድ ጸሐፊዎች ለሚቀጥለው ሰው ማስታወሻ የሚያሰፍሩባት ዓይነት አንዲት መስመር ነች። በአማርኛ እንዲህ ትላለች፦ «እህቴ፣ ይህን ስም ከማንሳትሽ በፊት እናቴን አነጋግሪያት።» ሰብለ ይህን ፋይል በሦስት ወር ውስጥ ስንቴ እንዳነበበችው እግዜር ይወቅ። መስመሯን ግን አይታት አታውቅም። ወይም አይታት ይሆናል፤ እርግጠኛ መሆን አቃታት። የተጻፈችበትን ቀን ተመለከተች፤ ጀማለዲን ሊሞት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው።

ላፕቶፗን ይዛ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ጋሽ ኢርፋን ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ ይኼን ማን ነው የጻፈው?»

ጋሽ ኢርፋን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ደግመው አነበቡ። መነጽሩን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እሱ ነው። አላህ ይርሐመው።»

«እህቴ የሚለውስ ማንን ነው?»

«እኔም ያልገባኝ እሱ ነው። በሱ ጊዜ እዚህ ቤት ሴት አልነበረችም። ስድስት ነበርን፣ ስድስታችንም ወንዶች። ለዚህ ሥራ የመጣሽ የመጀመሪያዋ ሴት አንቺ ነሽ።»

ሰብለ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። አንድ ሌላ ጥያቄ አነሳች። ባለፉት ሳምንታት በየመጋዘኑ እየዞረች፣ እያንዳንዱን ሰርቨር በእጇ እየነካች ቁጥር ለጥፋበታለች። አለቃው አሉኝ የሚለው መቶ አስራ ሁለት ሲሆን እሷ ያገኘችው መቶ አስራ አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁሉ «ሰባተኛ ሦስት»፣ «መሳለሚያ ሁለት» እየተባሉ በሰፈር ስም ሲጠሩ፣ የጠፋው አንዱ ግን ስሙ ለየት ይላል።

«ምስራ የሚባል ቦታ ያውቃሉ?»

ጋሽ ኢርፋን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ቦታ አይደለም» አሉ። «ምስራ እናቱ ናቸው። ከመሳለሚያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው ቤታቸው።»

«አብረን እንሂዳ፣ ጋሼ።»

«አንቺ ሂጂ። እኔ ከለቅሶው በኋላ እግሬ ረግጦ አያውቅም። በምን ፊቴ እሄዳለሁ?»

በማግስቱ ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ላይ ሰብለ መሳለሚያ ደረሰች። ወያላው ይጮኻል፣ ተሸካሚው «ዞር በይ!» እያለ ፍራሽ ተሸክሞ ያልፋል። ከስፖንጅ ሱቆቹ ጀርባ ባለ ጠባብ መንገድ ስትገባ ግርግሩ በር እንደተዘጋበት ጸጥ አለ። ጋሽ ኢርፋን የነገሯት ቤት የእንጨት ደረጃ ያለው አሮጌ ፎቅ ነው። ቀና ስትል ቆርቆሮው ላይ ፊቱን ወደ ሰባተኛ ያዞረ ትንሽ ነጭ አንቴና አየች። አወቀችው። የነሱ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወንድሙ አለ፤ ወዴት እንደሚያይ ማንም ሊነግራት ያልቻለው አንቴና።

ሳታንኳኳ በሩ ተከፈተ። ሻሽ ያሰሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው ሴት ቆመዋል።

«ይቅርታ እትዬ፣ ምስራ የሚባለው ሰርቨር እዚህ ነው?»

ሴትዮዋ ፈገግ አሉ። «በስሙ ጠራሽው። ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ከትናንት ጀምሮ ሰላም ነሥተሽዋል እኮ።»

የገባችበት ክፍል መስኮቱ ብርድ ልብስ ተጋርዶበት ድንግዝግዝ ያለ ነው። ግድግዳው ሥር፣ የእንጨት ሣጥን ላይ፣ ክዳኑ የተነሳለት ያረጀ ሰርቨር ተቀምጧል። አጠገቡ ምን አለሽ ተራ የታደሱ አራት የመኪና ባትሪዎች ተደርድረዋል፤ መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ እንዳይጠፋ ነው። በሌላው ጎኑ ፍራሽ ተነጥፏል። በመርካቶ አቧራ መሐል እዚያ ብረት ላይ አንዲት ብናኝ አልነበረችም።

«እዚህ ነው እንዴ የሚተኙት?»

«የት ልተኛ ታዲያ? ብቻውን ልተወው?»

ሰብለ ላፕቶፗን ከፍታ ከሣጥኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አራት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። እትዬ ምስራ እጃቸውን ወደ ከንፈራቸው አነሱ፤ ዝም በይ እንደማለት።

ተነፈሰ።

የማቀዝቀዣው ድምፅ ከታች ተነስቶ፣ ረዘም ብሎ ወደ ላይ ወጣ፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጉሮሮ ላይ እንደተያዘ ነገር ቀጭ አለ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ። ሰብለ ምን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ሰርቨሩ አለቃውን የሚጠይቅበት ሰዓት ደርሶ ሥራ በዝቶበት፣ ሞቆት ነው። ቀጭ የሚለው ደግሞ ያለቀ ዲስክ ነው። ሁሉንም እያወቀች የእጇ ፀጉር ቆመ። የተኛ ወጣት ወንድ ትንፋሽ ነበር የሚመስለው።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ እትዬ ምስራ በሹክሹክታ። «ከትናንት ወዲህ ሲያቃስት ነው ያደረው። አንድ ሰው እየነካካው ነው ብዬ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ሰብለ ውስጡን ስታይ ነገሩ ሁሉ ተገለጠላት። ጀማለዲን የኮዱን ዋና ቅጂ ያስቀመጠው ቢሮ ሳይሆን እዚህ ነበር። አለቃው በየግማሽ ሰዓቱ ከዚህች ክፍል ይቀዳል፤ የሷ ኮድ ግልባጭ ብቻ ነበር፤ ያጠፋችው ስም የሚመለሰውም ለዚህ ነው። አራት ዓመት ሙሉ የመርካቶ ሱቆች መልካቸውን ሲያገኙ የኖሩት ከዚህ ፍራሽ ጎን ካለ ሣጥን ነው። ይኼን ሳታውቅ እሁድ ብታሻግር ኖሮ አሮጌው በአዲሱ ላይ ይጻፍበትና ሰኞ ጠዋት አንድም ሱቅ አይሠራም ነበር። የሦስት ወር ዕቅዷ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ምክንያቱን ስታገኝ ልቧ ረጋ አለ። ማስታወሻው ግን ትዝ አላት፤ እሳቸው ጽፈውት ይሆን?

«እትዬ፣ ፊደል ያውቃሉ?»

«ቁርኣን እቀራለሁ። የአማርኛውን አላውቀውም።»

«ልጅዎ ‹እህቴ፣ እናቴን አነጋግሪያት› ብሎ ጽፏል። ለማን ነው የጻፈው?»

«ላንቺ ነዋ!» አሉ እትዬ ምስራ፣ ጥያቄው ራሱ እያስገረማቸው።

«እኔን እኮ አያውቀኝም።»

«መጣሽ አይደል?»

እትዬ ምስራ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

«ሊሄድ ሲል ጫማውን እያሰረ ነው የነገረኝ። ‹እማ፣ ሰው መጥቶ በስሙ እስኪጠይቅሽ ድረስ እንዳታጠፊው› አለኝ። በሦስተኛው ቀን አስከሬኑ መጣ። ሰዉ ሲያለቅስ እኔ አላለቀስኩም። እዚህ ገብቼ ሰማሁት። ይተነፍሳል። የሚተነፍስ ልጅ ይለቀስለታል? እህቴ ወራቤ ታማ ከተኛች ሁለት ዓመቷ ነው። ለአረፋ እንኳ አልሄድኩም። ማን ይጠብቅልኛል?»

ሰብለ መዋሸት አልፈለገችም። ዋሽታ ብትሄድ ኮዱን ብቻ ገልብጣ፣ ሣጥኑን እንዳለ ትታላቸው መውጣት ትችል ነበር። ግን ያ ቀጭ የሚለው ድምፅ የት እንደሚያደርስ ታውቃለች።

«እትዬ፣ ዲስኩ አልቋል። እኔ ባላጠፋውም አንድ ቀን ራሱ ይጠፋል፤ እርስዎ ብቻዎን ባሉበት። እሁድ ሌሎቹን ሁሉ ወደ አዲሱ እናሻግራለን። ይኼ ግን መሻገር አይችልም።»

አሮጊቷ ሣጥኑን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«እሁድ አንቺ እዚህ ትኖሪያለሽ?»

«እኖራለሁ።»

«ካንቺ ሌላ ሰው እንዳይልኩብኝ።»

የቀረውን ሳምንት ሰብለ ዕቅዱን ከሥር እንደገና ጻፈችው። ዋናውን ቅጂ ሦስት ቦታ ገለበጠች፤ አለቃው ከአሮጌው ፎቅ መቅዳቱን አቁሞ ከቢሮ እንዲቀዳ አደረገች፤ ሐሙስ ከሥራ ባልደረባዋ ከሰልሰቢል ጋር ስድስት ሰርቨሮችን ለሙከራ አሻገረች፤ ደህና ሆኑ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠይቀው አለቃውን እንዳያጨናንቁት የየአንዳንዱን ተራ በደቂቃ ለያየችው፤ እትዬ ምስራ የለመዱትን ትንፋሽ እንዳያጡ የምስራን ተራ ብቻ በየግማሽ ሰዓቱ ልክ ላይ እንደነበረ ተወችው። የመጨረሻው ገጽ ላይ እሁድ የምትሆንበትን ቦታ «መሳለሚያ» ብላ ስትጽፍ ጋሽ ኢርፋን ተቆጡ።

«መሪዋ ከቢሮ ወጥታ ነው መቶ ሰርቨር የሚሻገረው?»

«ሰልሰቢል እዚህ ትሆናለች፤ በስልክ አብረን ነን። እኔ ቃል ገብቻለሁ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ኢርፋን እስክሪብቷቸውን አወጡ። ወረቀቱን ፈረሙ።

እሁድ መርካቶ ጸጥ ብሏል። የብረት መዝጊያዎቹ ሁሉ ወርደዋል፤ አንድ ውሻ መንገዱ መሐል ተኝቷል። ሰብለ ሦስት ሰዓት ላይ ፍራሹ አጠገብ ተቀመጠች። ሰልሰቢል በስልኩ ውስጥ እየጠራች፣ እሷ እያረጋገጠች፣ የመሳለሚያዎቹ አለፉ፤ የሰባተኛዎቹ አለፉ። እትዬ ምስራ እያንዳንዱ ሲያልፍ አንገታቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ ሰው እንደሚሸኝ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል መቶ አስራ አንዱ ተሻገረ።

የቀትሩ የዙሁር አዛን ከአንዋር መስጊድ ተሰማ። እትዬ ምስራ ውዱእ አድርገው፣ ከሣጥኑ አጠገብ ሰገዱ። ሲጨርሱ መስገጃቸውን አጥፈው መጡ።

«የቱ ነው የሚጫነው?»

«እኔ ላጥፋው እትዬ።»

«እኔ ነኝ የወለድኩት።»

ሰብለ የአሮጊቷን ጣት ይዛ ቁልፉ ላይ አሳረፈችው። ድምፁ ወረደ፤ ወረደ፤ ቆመ። ሰብለ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለች። የባትሪዎቹንም ሽቦዎች ፈትታ፣ ቀዩንና ጥቁሩን ለየብቻ አስቀመጠች። ስድስት ተኩል ካለፈ አሥር ደቂቃ ሆኖ ነበር። እትዬ ምስራ ፍራሹ ላይ ጋደም ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወዲያው ጥሎ መሄድ ነውር ስለመሰላት ሰብለ የነቀለችውን ገመድ ጭኗ ላይ ጠቅልላ ተቀመጠች። ሰልሰቢል ደውላ «ሁሉም ሰላም ነው፣ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽ» አለቻት። ስልኩን ዘጋች።

ሰባት ሰዓት ሆነ።

ተነፈሰ።

ከሣጥኑ ነው የመጣው፤ ከሌላ የትም አይደለም። ከታች ተነስቶ፣ ረዝሞ ወጣ። ጫፍ ላይ ቀጭ አላለም። ምንም ሳይዘው፣ እስከ መጨረሻው ወጥቶ ዝግ እያለ ወረደና አለቀ። ሰብለ ጭኗ ላይ ያለውን ገመድ አየች፤ ወለሉ ላይ የተለያዩትን ሽቦዎች አየች። እንደ ምንም እጇን ዘርግታ ብረቱን ነካችው። ቀዝቃዛ ነበር፤ የጠዋት ድንጋይ።

«ሰማሽው?» አሉ እትዬ ምስራ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ልትክድ ፈለገች። «ሰማሁት እትዬ።»

«እንግዲህ ወጣ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ማልቀስ ጀመሩ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ቀጥሎ ስሙን እየጠሩ፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ አራት ዓመት የቆየውን ለቅሶ አወጡት። ጎረቤቶች በደረጃው ወጡ፤ ማን እንደሞተ የጠየቀ አልነበረም። ሰብለም አብራ አለቀሰች፤ ለማታውቀው ሰው። ሰባት ተኩልን ጠበቀች፤ ስምንት ሰዓትንም። ምንም አልተሰማም።

ሰኞ ሱቆቹ ተከፈቱ፤ ሁሉም ሠራ። ሰብለ በሪፖርቷ ላይ ስንት ሰርቨር እንደተሻገረ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ጻፈች። የሰባት ሰዓቱን አልጻፈችም። ሦስት ቀን ታግሣ ሐሙስ ዕለት ግን የአዲሱን አለቃ መዝገብ ከፈተች። ከምስራ የመጣ ጥያቄ የለም፤ አይኖርምም። ነገር ግን በደቂቃ ለያይታ፣ በየተራ እንዲጠይቁ ያደረገቻቸው ሰርቨሮች፣ እሁድ ልክ ሰባት ሰዓት ላይ፣ መቶ አስራ አንዱም በአንዲት ሰከንድ ጠይቀዋል። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ሰልሰቢልን ጠርታ አሳየቻት።

«አዲስ ስለተተከሉ ይሆናላ» አለች ሰልሰቢል። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ምን ብለው ነው የጠየቁት?» አለች።

«እንደ ሁልጊዜው። እንዴት እንሁን ብለው።»

«እና ምን መለሰላቸው?»

«ምንም። እንዳላችሁ ሁኑ ነው ያላቸው» አለች ሰብለ፤ መዝገቡንም ዘጋች።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጋሽ ኢርፋን መኪናቸውን አሳጥበው፣ ማንም ሳይለምናቸው መሳለሚያ ሄዱ። ደረጃው ሥር ደርሰው ሊመለሱ ቃጥቷቸው እንደነበር በኋላ ለሰብለ ነገሯት። እትዬ ምስራ ግን አንድም ቃል ሳይወቅሷቸው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ነበር የጠበቋቸው። ጋሽ ኢርፋን እስከ ወራቤ፣ እስከ እህታቸው ደጃፍ ድረስ አደረሷቸው።

«መንገድ ላይ ምን አሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው ሰብለ።

«ምንም አላሉኝም። ገና ከከተማው ሳንወጣ ነው እንቅልፍ የወሰዳቸው። እንዳይነቁብኝ ብዬ በአርባ ነው የነዳሁት፤ የጭነት መኪናው ሁሉ ጡሩንባ እየነፋ ነበር የሚያልፈኝ።»